ለፋብሪካ የተነገረ መርዶ

ሰው ሲሞት ምን ምን ይወረሳል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙ ነገር እቆጥርላችኋለሁ። ቤት ይወረሳል። መሬት ይወረሳል፤ ካለ። ቂም እንኳ ይወረሳል፤ ያውም ያለ ቴምብር፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ፍርድ ቤት ማስረጃ። አባቱ ከጎረቤት ጋር በአጥር የተጣላ ልጅ፣ ከቀብር ተመልሶ እጁን ሳይታጠብ ያንኑ ጎረቤት በክፉ ዓይን ማየት ሲጀምር «ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው እስካሁን አላየሁም። ስኳር በሽታ ይወረሳል። ራሰ በራነት ይወረሳል፤ እኔ ከአባቴ የደረሰኝ እሱ ብቻ ነው፤ ወንድሞቼም ድርሻችንን ብለው አልከሰሱኝም።

የቢራ ማከፋፈል ውክልና ግን እንዲህ በቀላሉ አይወረስም።

ይህን የተማርኩት በስተርጅና ነው። ቢራ ከፋብሪካ ወጥቶ እዚህ አቃቂ ግሮሰሪ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ መንገዱ አጭር ይመስለኝ ነበር። ፋብሪካው ይጠምቃል፣ መኪናው ይጭናል፣ እኛ እንጠጣለን፤ አለቀ። ለካ በመሃል አንድ ወፍራም ውል ተኝቷል። ፋብሪካው ሰፈር ሰፈሩን ይከፋፍልና «በዚህ በኩል የእኔን ቢራ የምታከፋፍለው አንተ ነህ» ብሎ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ደግሞ መብቱን ልሽጠው፣ ለወንድሜ ላስተላልፈው፣ ላውርሰው ቢል አይችልም፤ የፋብሪካውን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ልጁን ሲድር የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ አባት፣ የቢራ መስመሩን ለልጁ ለመስጠት ደጅ ይጠናል ማለት ነው። አልፈርድም። ስሙን በሰው እጅ የሚያስቀምጥ ድርጅት ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ።

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ክር ፋብሪካ መዝገብ ቤት ዕድሜዬን ስለጨረስኩ፣ በአቃቂ በሰቃ አንቀጽ ያለበት ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም አልዋሻችሁም፣ ደስ ይለኛል። መነጽሩን ከኪሱ ሲያወጣ ቤቱ ሁሉ ዝም ሲልለት ደስ የማይለው ጡረተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ብርሃኑ ጎረቤቴ ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ከትንሽ ሱቅ ተነስቶ፣ ኋላ የቢራ አከፋፋይ የሆነ ሰው ነው። አንድ አይሱዙ፣ አንድ መጋዘንና አስካለ የምትባል ሚስት ነበረችው። ልጅ አልሰጣቸውም። እሱ መኪናውን ይነዳል፣ ሳጥን ያወርዳል፣ ቃል ከአፉ አይወጣም፤ «እንዴት አደርክ ብርሃኑ?» ብትሉት «እህ» ይላል፤ «ዝናቡ በረታ» ብትሉትም ያው «እህ» ነው። ሥራው የሚሠራው በአስካለ ስልክ ነው። የትኛው ግሮሰሪ ዓርብ ስንት ሳጥን እንደሚበቃው፣ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ ሲቀየር የትኛው ቤት ቢራ እንደሚያልቅበት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ያለው ሰውዬ ባዶ ጠርሙስ ሲመልስ የተሰነጠቀውን ከሥር እንደሚደብቅ፣ ሁሉንም በቃሏ ታውቃለች። ውሉ ላይ ያለው ስም ግን የብርሃኑ ብቻ ነው። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ብርሃኑ አንድ ማክሰኞ ሳጥን ሲያወርድ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ከዚያ አልተነሳም። ነፍሱን ይማረው።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን አስካለ አስጠራችኝ። ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከትራሷ ሥር ውሉን አወጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ» አለች። «ሰው ሁሉ ቢራው ከእንግዲህ የማን ነው ይለኛል። እኔም አላውቀውም።»

መነጽሬን አወጣሁ። ቤቱ ዝም አለ። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስ እኔም ዝም አልኩ። አከፋፋዩ በሞት የተለየ እንደሆነ፣ ወራሹ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሞቱን ለድርጅቱ ማሳወቅና ውሉ እንዲተላለፍለት መጠየቅ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ውሉ በራሱ ይቋረጣል፤ ድርጅቱም አካባቢውን ለሌላ ይሰጣል ይላል። ሠላሳው ቀን የሚሞላው ነገ ነው። ያ «ሌላ» የተባለውም ሰው ሩቅ አልነበረም፤ ሳሪስ በኩል ያለ አንድ ትልቅ አከፋፋይ የእኛ ሰፈር እንዲጨመርለት ገና በሰልስቱ ማመልከቻ አስገብቷል ሲባል ሰምተናል። ውክልናው ከሄደ አይሱዙው ምን ይጭናል? መጋዘኑስ? በሃምሳ ዓመቷ አስካለ ከየት ትጀምራለች?

ችግሩ የፋብሪካው ሕግ ሠላሳ ሲል የእኛ አርባ ማለቱ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አርባው ሳይወጣ ደጅ አትረግጥም። ብትረግጥ ደግሞ፣ ሰፈራችንን አውቀዋለሁ፣ «ባሏ አፈር ሳይጠግብ ቢራ ቢራ አለች» የሚላት አይጠፋም፤ ያውም ያንኑ ቢራ እየጠጣ።

«አታስቢ፣ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፣ ትፈርሚያለሽ፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አልኳት። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጉዳዩ በግማሽ ቀን ባለቀ፣ እናንተም ይህን ሁሉ ባላነበባችሁ ነበር። እኔ ግን ለእድሩ ዳኛ ልንገራቸው ብዬ ጋሽ መገርሳ ቤት ሄድኩ። ጋሽ መገርሳ የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው፤ ዛሬ ፋብሪካ የቆመበትን ሜዳ አባታቸው ጤፍ ያርሱት ነበር። ሰማኒያን አልፈዋል። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ደብዳቤ?» አሉ።

«አዎ ጋሽ መገርሳ።»

«ስንት ዓመት አብሯቸው የሠራ ሰው ሞቶ በደብዳቤ? አንተ ሰው፣ ሞት በወረቀት አይነገርም። በወረቀት የሚነገረው ስብሰባ ነው።» ቀጠሉና «ውሉ ምን አድርጉ ነው የሚለው?» አሉኝ።

«አሳውቁ ነው የሚለው።»

«እንዴት ይላል?»

አንቀጹን እንደገና አየሁት። እንዴት አይልም። «እንዲያ ከሆነ በወጉ እናሳውቃለን» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። እድር ውስጥ ዳኛ ከተናገረ ጸሐፊ የሚጽፈው ዳኛው ያለውን ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሰውየው ወደ ሥራው ሳይበተን። ለብቻ አይኬድም። ለተላላኪ አይነገርም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ቁጭ ብሎ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። ይህን ሁሉ አሟልተን፣ በሠላሳኛው ቀን ንጋት ላይ፣ ሰባት ሽማግሌዎች ጋቢያችንን ለብሰን ቃሊቲ ካለው የፋብሪካው ቅርንጫፍ ቢሮ በር ላይ ቆምን።

«ምን ፈልጋችሁ ነው አባቶች?» አለ ጥበቃው።

«አከፋፋዮችን የሚመለከተውን ኃላፊ» አሉ ጋሽ መገርሳ።

«ለምን ጉዳይ?»

«ለእሱ ነው የምንነግረው።»

ጥበቃው ጋቢያችንን አየ። ሰባት መሆናችንን ቆጠረ። ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀና ባዶ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠን፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልጠየቀንም። የገባውን ሠራተኛ ሁሉ ግን ጆሮው ላይ እየተጠጋ «መርዶ ነው» ይላል። «የማን?» «እንጃ።» እንጃ መባሉ ነው ነገሩን ያበላሸው። የሰው ቁጥር በጨመረ ቁጥር ግቢው ጸጥ እያለ ሄደ። ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስልክ ይደውላል። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» «ሁሉ ሰላም ነው? ትንሹስ?» ሁለት ሰዓት ሲሆን የዚያ ቢሮ ሠራተኛ በሙሉ የቤተሰቡን ጤና አረጋግጦ ጨርሶ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር።

እሷ ከሠራተኞች ሰርቪስ ስትወርድ ጥበቃው ሮጦ ሄደና «የሚፈልጉት አንቺን ነው» አላት። ሰላማዊት ትባላለች፤ የአከፋፋዮችን ውል የምትይዘው እሷ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ሳትጠይቃቸው ግራና ቀኝ ያዟት። ጋሽ መገርሳ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱና በዚያ ለስንቱ በተናገሩበት ለስላሳ ድምፅ «ቁጭ በይ ልጄ» አሏት።

ለካ አባቷ አሰላ ታመው ተኝተዋል።

«አባዬ ነው?» አለች። መልስም አልጠበቀችም። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ «አባዬን» ብላ ስትጮህ ግቢው ሁሉ አብሯት ጮኸ። ጥበቃው ሳይቀር አለቀሰ። እኛ ሰባታችን ደርቀን ቀረን። ጋሽ መገርሳ «አይደለም ልጄ፣ አባትሽ አይደለም፣ ብርሃኑ ነው» ቢሉ ማን ይስማቸው። በመጨረሻ «የቱ ብርሃኑ?» አለች ከመሬት ቀና ብላ።

«የአቃቂው። ቢራ የሚያከፋፍለው።»

በዚያች ቅጽበት ያፈርኩትን ያህል ከተወለድኩ አፍሬ አላውቅም። ሰላማዊት ግን መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አሁን ደግሞ የምሯን አለቀሰች። ስልኳን አውጥታ ደወለች። የሽማግሌ ድምፅ ከወዲያ «ምነው በጠዋቱ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ሲል ሁላችንም ሰማነው።

«አዎ አባዬ፣ አንድ ደንበኛችን» አለች። «ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

ትቆጣናለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣም ሐቋ ነው። እሷ ግን ፊቷን ታጥባ መጣችና ወደ ቢሮዋ አስገባችን፣ ውሉን አወጣች፣ እኔ ወዳላየሁት የመጨረሻ ገጽ ገለጠች። አንቀጽ ሃያ ሁለት። በዚህ ውል መሠረት የሚደረግ ማናቸውም ማሳወቂያ በጽሑፍ ሆኖ በራሱ በባለጉዳዩ ወይም በሕጋዊ ወኪሉ ይፈረማል። ስንት ዘመን አንቀጽ አነበብኩ ስል የኖርኩት ሰውዬ ሁለት ገጽ ሲቀረኝ መነጽሬን አውልቄያለሁ። «አባቶች፣ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው» አለች። «እናንተ ግን ወራሽ አይደላችሁም፤ የነገራችሁኝም በቃል ነው። ቢሮ እስኪዘጋ ሚስትየው የፈረመችበት ማመልከቻ እዚህ ገቢ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ውሉ ዛሬ ያበቃል።»

«አርባዋ አልወጣም፤ መምጣት አትችልም» አልኩ።

ደብዳቤውን አስፈርሜ እመለሳለሁ ልል ስል ጋሽ መገርሳ ቀደሙኝና «ልጄ፣ ባናውቅበትም መርዶው ተነግሮሻል» አሉ። «መርዶ የተነገረው ሰው ለቅሶ ሳይደርስ አይቀርም።»

ሰላማዊት አየቻቸው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን «የመንገዱ መጨናነቅ» እል ነበር። እሷ ግን የገቢ መዝገቡን በክንዷ ይዛ፣ ከባልደረባዋ ነጠላ ተውሳ፣ ከሰባት ሽማግሌ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች። መዝገብ ከቢሮ አይወጣም የሚል ደንብ ሳይኖር አይቀርም። ስላላነሳችው እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

አስካለ ከፋብሪካው ሰው ለቅሶ መጣ ሲሏት አላመነችም። ሰላማዊት አጠገቧ ተቀምጣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ስትላት ሁለቱም ተላቀሱ፤ አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ከጠዋት ላተረፈችው አባቷ መሰለኝ። ቤቱ በግሮሰሪ ባለቤቶች ተሞልቷል። እኔ ጥግ ይዤ ማመልከቻውን ጻፍኩ፣ አስካለ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ፈረመች፣ ሰላማዊት እዚያው ፍራሹ ላይ መዝገቧን ዘርግታ ቁጥርና ቀን ሰጠችው። ልትነሳ ስትል አስካለ እጇን ያዘችና በዚያው የለቅሶ ድምፅ «እህቴ፣ አደራሽን፣ ለቂሊንጦው ቤት ቅዳሜ ሳይሆን ሐሙስ ይጫንለት፤ ፈረቃቸው ተቀይሯል» አለቻት።

አለቀ እንዳትሉኝ። ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማስተላለፍ ሌላ። ከአርባው በኋላ የሞት ማስረጃው፣ የፍርድ ቤቱ የወራሽነት ወረቀት፣ የንግድ ፈቃዱ ለውጥ ሁሉ ተራ በተራ ወጣ፤ በየመስኮቱ ለተባበሩን እድሜ ይስጥልን። የመጨረሻው ግን አነቀን። ወራሹ ሥራውን የሚችል ከሆነ ድርጅቱ ያለ በቂ ምክንያት አይከለክልም፤ መቻሉን ግን በጽሑፍ ማስረጃ ማሳየት አለበት። ከየት ይምጣ? ደረሰኙ በብርሃኑ ስም፣ ፈቃዱ በብርሃኑ ስም። የአስካለ ሥራ በሙሉ ያለፈው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ማስረጃ አይተውም። ግሮሰሪዎቹ ሁሉ እንመስክር አሉ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ኮሚቴ የቃል ምስክር አይቀበልም ተባለ። የሳሪሱ ሰውዬ ግን የጽሑፍ ማስረጃ በሽ በሽ ነበረው። አስካለም መጋዘኑን ማከራየት ይሻል እንደሆን በቀስታ ትጠይቀኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ አስካለ በቀስታ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰላማዊት ጠራችን። አስካለ ጥቁሯን ለብሳ፣ ጋሽ መገርሳና እኔ ከኋላዋ ገባን። «ኮሚቴው ፈቅዷል» አለች ገና ሳንቀመጥ። ጋሽ መገርሳ «ተመስገን» አሉ።  «ምን ማስረጃ አግኝተው ነው?» አልኩ እኔ፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ደስታውንም በማስረጃ ነው የሚቀበለው።

ሰላማዊት ከብርሃኑ ፋይል ውስጥ ቅጾች አወጣች። አከፋፋይ በየዓመቱ ውሉን ሲያድስ የሚሞላቸው፣ ተሞልተው ፋይል ከገቡ ወዲያ ማንም የማያነባቸው ቅጾች ናቸው። እሷ አንድ በአንድ ስታገላብጥ አግኝታቸዋለች። ተራ ቁጥር ስድስት «የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ሰው ስምና የሥራ ድርሻ» ይላል። ሁለት መስመር ባዶ ቦታ ነው የተሰጠው። ብርሃኑ በዚያ እንደ ሳጥን በከበደ የእጅ ጽሑፉ ሁለቱን መስመር ሞልቶ ኅዳጉ ላይ ወጥቷል። መነጽሬን አወጣሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ባለቤቴ አስካለ። የሥራ ድርሻዋ ሁሉም ነው። እኔ መኪና እነዳለሁ፣ ሳጥን አወርዳለሁ። ደንበኛ ያመጣችው እሷ፣ ደንበኛ የምትይዘው እሷ፣ ስንሳሳት የምታስተካክለው እሷ ናት። ውሉ በስሜ ይሁን እንጂ ሥራው የእሷ ነው። እሷን ለሰጠኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።»

ይህ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ቀጣዩን አነሳሁ። ተራ ቁጥር ስድስት፦ «እንደ አምናው።» የሚቀጥለው፦ «እንደ አምናው።» ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ፣ በዚያው እጅ፣ «እንደ አምናው።»

አስካለ ወረቀቶቹን ከእጄ ወሰደችና ብዙ ጊዜ አየቻቸው። «ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ወጡ ጣፈጠ እንኳ ብሎኝ አያውቅም» አለች። «ለፋብሪካ ነው እንዴ የሚነግረው?»

 ጋሽ መገርሳ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። እኔ መነጽሬን የምጠርግ መሰልኩ።

ሰላማዊት አዲስ ቅጽ ከእስክሪብቶ ጋር አቀረበች። «የዘንድሮውን የሚሞሉት እርስዎ ነዎት፤ አከፋፋይዋ እርስዎ ስለሆኑ» አለቻት። አስካለ ስሟን ጻፈች፣ አድራሻዋን ጻፈች፣ አንድ ሁለት እያለች ወረደችና ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ቆመች።  ከዚያ አጎንብሳ ሁለት ቃል ብቻ ጻፈችና ገፋ አደረገችው። አንገቴን አስግጌ አየሁት።

«እንደ አምናው።»

ሰላማዊትም አነበበችው። በደንቡ መሠረት እዚያ ቦታ ላይ ሙሉ ስም ነው የሚጻፈው ልትል አፏን ከፈተች፤ አስካለን አየቻት፤ ማኅተሙን አነሳችና መታችበት።